ሰው መስለውኝ ነው

የሟች ታሪክ መጻፍ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ እናቱን ገና ያልቀበረ ነው። ቁልፌ ከጠዋት ጀምራ ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ሰርዛዋለች። መጀመሪያ «እናቴ ተወለደች» አለች። ለሟች ክብር ያነሰ መሰላትና ሰረዘችው። «እናቴ ተወለዱ» ብላ ጻፈች። ይሄኛው ደግሞ የሌላ ሰው እናት ሆነባት። እንደገና «ተወለደች» ብላ ጽፋ ጥቂት አየችውና እስክሪብቶውን ጥላ መስኮት ልትከፍት ተነሣች።

ትእዛዙን የሰጠቻት አክስቷ ናት፣ የእናቷ ታናሽ። ትናንት ከሆስፒታል ሲወጡ የአክስቷ ዓይን በእንባ አብጦ ነበር፤ አፏ ግን እንደ ወትሮው ነበር።

«አንድ ገጽ ይበቃል» አለች። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ላይ ነው የምንቆመው። ደግሞ አንቱ እያልሽ ጻፊ። ሟች እንዲሁ አይጠራም።»

«ሥራዋን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በአንድ ትልቅ ሆቴል ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት አገልግለዋል በያ።»

«ኃላፊነቷ ምን ነበር?»

«ካውያው ነዋ! ካውያ ኃላፊነት አይደለም? አንድ ደቂቃ ብትዘነጊው ቤት ያቃጥላል።»

«ጠባይዋንስ?»

«እንደ ሰው ሁሉ! ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ትሑት። ማን ሞቶ ነው ክፉ ነበር የተባለው?»

ቁልፌ ለጽሑፍ እንግዳ አይደለችም። የምትሠራበት ድርጅት ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ማን «ክቡር» እንደሚባል፣ ማንን «አቶ» እንደሚበቃው፣ ለማን «በትሕትና እንጠይቃለን» ተብሎ ለማን «እናሳስባለን» እንደሚባል እሷን የሚያህል አዋቂ የለም። አለቃዋ «የአንቱታ ሊቅ» ይላታል፣ ሊያሞግሳት ብሎ። ምኗን እየነካ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ አፉን በያዘ ነበር። እናቷ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አንቱ ስትላት ነው የኖረችው። እናት ልጇን! «ይግቡ። ይቀመጡ። አፈር ስሆን ትንሽ ይብሉ።» አሁን አክስቷ ደግሞ ተራሽ ነው፣ አንቺም አንቱ በያት ትላለች።

እንዴት እዚህ እንደደረሱ ለማወቅ ከካውያው መጀመር ነው።

እናትየው የሆቴል ልብስ ተኳሽ ነበረች። ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው፣ የእንፋሎት ቱቦ ጣሪያው ላይ በሚሄድበት ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆማለች። ባሏ ቁልፌ ሳትወለድ «መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው ነው፤ እስካሁን እየመጣ ይሆናል። ስለዚህ ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ያደገችው እዚያው የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነው። ከእንግዶች ሸሚዝ የረገፉ ቁልፎች የሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ነበራት፤ ስትዘረግፍና ስትሰበስብ ትውላለች። ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ። «ቁልፌ፣ እጅሽን ከሽቦው አርቂ። ቁልፌ፣ ነይ ይሄን ኮሌታ ያዢልኝ።»

ኮሌታ ለእናቷ የነገር ሁሉ መጀመሪያ ነበር። ሸሚዝ ስትተኩስ ከኮሌታው ትጀምራለች፣ ሰው ስታይም ከኮሌታው ትጀምራለች። መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው አስቁማ ኮሌታውን ያቃናችበት ጊዜ አለ። «ኮሌታው ተጣሞ የሚውል ሰው ቤቱ የሚያየው ሰው የለውም» ትል ነበር።

ቁልፌ አንደኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ የወላጆቻቸውን ሥራ ተራ በተራ ጠየቀች። ተነሣችና «እናቴ ተኳሽ ናት» አለች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። የምን ተኳሽ እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ እሷም አላብራራችም። በእረፍት ሰዓት ወንዶቹ ሳይቀሩ ከበቧት። «ስንት ሰው ገድላለች?» አሏት። «አልቆጠረችም» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ያን ዓመት እርሳስ የነጠቃት ልጅ አልነበረም። እናቷ ይህን ስትሰማ ካውያውን አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ እስክትንበረከክ ሳቀች። «በቀን መቶ ሸሚዝ ታጋድማለች በያቸው!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድር ቤቱ ሁሉ «ተኳሿ» ይላት ጀመር።

ውሸቱ እንደ ቀልድ ነበር የተጀመረው። ቁልፌ ስታድግ ግን ውሸቱም አብሯት አደገ። ኮሌጅ ገብታ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ሆቴል ውስጥ ናት» ትላለች፤ ሰሚው እንደፈለገ ይተርጉመው። ሥራ ስትይዝ ደግሞ የሚጠይቃት ጠፋ፣ እሷም እሰየው አለች።

ከዚያ ስብሰባው መጣ። ድርጅቱ ሦስት ቀን የሚፈጅ ስብሰባ ጠራና ቦታው የእናቷ ሆቴል ሆነ። ቁልፌ ሥራ ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነው። እናቷ ምድር ቤት፣ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፤ ምን ያገናኘናል ብላ ገባች። በሁለተኛው ቀን አለቃዋ ኮቱ ላይ ሻይ ደፋና ኮቱ ወደ ታች ወረደ። ከሰዓት በኋላ ኮቱን ይዛ የወጣችው ተላላኪዋ ሳትሆን ተኳሿ ራሷ ነበረች፤ ልጄን ሥራዋ ላይ ልያት ብላ ለምና እንደመጣች ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሩ ተከፈተ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣ በእንፋሎት የረጠበ ግንባር፣ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ደግሞ ፊቷን ሁሉ የሞላ ፈገግታ። አፏ «ቁ…» ሊል ሲከፈት ልጇ ቀደመቻት።

«እትዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀምጡልን። እናመሰግናለን።»

ያስቀምጡልን! በዕድሜዋ እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም። ለማያውቁት ሰው ሲሉት ጨዋነት ነው፤ አንቺ እያልሻት ላሳደገችሽ እናት ግን ፊቷ ላይ በር መዝጋት ነው። ቁልፌ ይህን አፏ ውስጥ እያለ አውቃዋለች። አውቃው ነው ያለችው።

አለቃው ከአንዷ ወደ አንዷ አየ። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

መልሱን የሰጠችው እናቷ ናት። ኮቱን ወንበሩ ላይ አስተካክላ አንጠለጠለች፣ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገች፣ ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ «ይቅርታ እመቤት፣ ሰው መስለውኝ ነው» አለችና ወጣች።

ሰው መስለውኝ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ተምታተውብኝ ነው ማለት ይሆናል፤ ማንም በየመንገዱ የሚለው ነው። ወይም ደግሞ እንደ ሰው ቆጥሬዎት ነበር፣ ለካ አይደሉም ማለት ይሆናል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቁልፌ ስታላምጣት ኖራለች። እናቷ የቱን ማለቷ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ መልሱን ፈራችው።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ምግብ ቀርቦ ጠበቃት። «ደክሞዎታል፤ ይቀመጡ» አለቻት እናቷ። ቁልፌ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። በማግስቱም አንቱ ሆነ፣ በሳምንቱም አንቱ። «ቁልፌ» የሚለው ስም ከዚያ ቤት ወጥቶ ጠፋ። እናትየው ፊት ላይ ቁጣ የለም፣ ኩርፊያ የለም፤ ድምጿ እንደ በፊቱ ለስላሳ ነው። ልጅቷ ታመመች ሲባል ግንባሯ ላይ የሚያድር እጅ አለ፣ ሸሚዟ በየማለዳው ተተኩሶ ተሰቅሎ ይገኛል። ቃሉ ብቻ ተለውጧል።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ ይሄን ነገር» ትላታለች አንዳንዴ።

«ለምዶብኝ ነው» ትላለች እናቷ፣ ፈገግ ብላ።

ለአክስቷ ስታማርር ያገኘችው መልስ አጭር ነበር። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለቻት።

እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች ወይ ትሉ ይሆናል። አልጠየቀችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቁልፌ ግን ለማሸት እጇንም አላነሣች። እንዲያውም፣ ከተነጋገርን አይቀር፣ አንቱታው የጠቀማት ቀን ነበር። የራሷን ቤት ይዛ፣ እናቷም ጡረታ ወጥታ አብራት መኖር ከጀመረች በኋላ አንድ ቀን ጎረቤቷ ልትጠይቃት ገባች። እናትየው ሻይ አቅርባ «ስኳር ልጨምርልዎት?» አለቻት፣ ልጇን። ጎረቤቲቱ ስትወጣ በር ላይ «ምን የመሰለች ጨዋ ሠራተኛ ነው ያገኘሽው! መጋረጃሽን እንዴት አድርጋ ነው የተኮሰችው!» አለች።

«አዎ፣ ጎበዝ ናት» አለች ቁልፌ።

ወጥ ቤቱ ከዚያ በር አምስት እርምጃ ነው፤ ክፍትም ነበር። እጀ ዐመድ አፋሽ ማለት እንግዲህ ያቺ እናት ናት። ሻዩን አፍልታ፣ ስኳሩን ጨምራ፣ ሠራተኛ ተብላ፣ ብርጭቆውን አጠበች።

ሆስፒታል የቆዩት አራት ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ማለትም ትናንት፣ ቁልፌ ከቢሮ በቀጥታ መጥታ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። አረንጓዴ የለበሰች ነርስ በወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ የግሉኮሱን ቱቦ ታስተካክላለች። እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። አሁን ገለጠችው፤ ማንን እንደምታይ ግን አያስታውቅም ነበር።

«ኮሌታሽ ተጣሟል» አለች። «አስተካክይው እንጂ።»

«እሺ እማማ» አለች ነርሷ፣ ቀና ሳትል።

ቁልፌ ቃሉ ለነርሷ የተባለ መሰላት። ኮሌታሽ! አስተካክይው! ለማታውቃት ነርስ አንቺ፣ ለእኔ አንቱ። አሥራ አንድ ዓመት የለመነችውን አንድ ፊደል ሌላዋ እንደ ዋዛ ወሰደችባት። እናቷ እየሞተች እሷ በቅናት ትቃጠላለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እናቷም ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

እንግዲህ እሷ ናት የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው።

መስኮቱን ከፍታ ብትቆምም የሚመጣ ዓረፍተ ነገር የለም። እናቷ የተቀጠረችበትን ዓመት እንኳ አታውቀውም ነበር። እሱን ልጠይቅ ብላ ወደ ሆቴሉ ሄደች፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ደጁን ረግጣው አታውቅም። ምድር ቤቱ ያው ነው፣ ቱቦው ያው ነው፣ የእርጥብ አንሶላው ሽታ ያው ነው። እንፋሎቱን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌም እዚያው ናቸው። ሁሉም ሰው «ቦይለር» ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን የደመወዝ ክፍል ብቻ ያውቀዋል ይባላል።

«ምን ልታዘዝ እመቤት?» አሉ፣ የቢሮ ልብሷን አይተው።

«የተኳሿ ልጅ ነኝ።»

ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ቁልፌ? ያቺ ቁልፍ ውጣ ያስጮኸችን?» አሉና አቀፏት። ሰምተው ነበር፤ ነገ ሁሉም ለቀብር እንደሚመጡ ነገሯት። ዓመቱንም አስታወሱላት። ልትወጣ ስትል ነው፣ ሳታስበው፣ ሌላው ጥያቄ ያመለጣት።

«ስለ እኔ ምን ትል ነበር?»

«ምን የማትለው ነገር አለ!» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ሰሞንማ ያበደች መስሎን ነበር። ሸሚዝ ትዘረጋና አንቱ ትለዋለች። ‹ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል› እያለች ትተኩሳለች። ‹ምነው ተኳሿ፣ ሸሚዙ ተሾመ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁባት። ‹ልጄ ትልቅ ሰው ሆናለች› አለችኝ። ‹ምላሴ አንቺ ማለት ለምዷል። ያን ዕለት እንኳ በሰው ፊት ቁልፌ ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ቤት የለመደ ምላስ አደባባይ ያዋርዳታል፤ ካሁኑ ላስለምደው› አለችኝ።»

«ተቀይማኝ አልነበረም?»

«ቅያሜ ከየት መጥቶ! አፍራ ነበር እንጂ። ‹የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ገባሁባት፣ ልጄን አሳፈርኳት› እያለች ሳምንት ሙሉ አልቅሳለች።»

ቁልፌ መተኮሻውን ጠረጴዛ ተደገፈች። አንቱታውን ቅጣት ነው ብላ ነበር የተሸከመችው፤ የተቀጣ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ጥፋቱ የተሠረየለት ይመስለዋል። ለካ አንድም ቀን አልተቀጣችም። እናቷ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ምላሷ ላይ ዘብ ቆማ፣ የልጇን ውሸት ስትጠብቅላት ኖራለች። «ለምዶብኝ ነው» ስትል እውነቷን ነበር። ምነው ጠልታኝ በሆነ አለች ቁልፌ በልቧ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል አለፈች፤ ያለ ሞት ማስረጃ ቀብር የለም። ወረቀቱን የሰጠቻት ያችው ነርስ ነበረች። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብላ ጎንበስ ስትል ቁልፌ አንገቷን አየች። አረንጓዴው ልብስ አንገቱ ክብ ነው፤ በራስ የሚጠለቅ፣ ቁልፍም ኮሌታም የሌለው።

«ትናንትም ይሄንኑ ነበር የለበሽው?»

«ምኑን?»

«ኮሌታ የለውም።»

«የለውም፤ ሁላችንም ይሄንኑ ነው የምንለብሰው። ምነው?»

«እናቴ ትናንት ኮሌታሽ ተጣሟል ስትል እሺ ብለሻት ነበር።»

ነርሷ ለማስታወስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። «ብዬ ይሆናላ» አለች፣ እንደ ማዘን ብላ። «በሽተኛ ያለውን ሁሉ እሺ ነው የምንለው።»

ቁልፌ ቤት ገብታ ትናንት ያወለቀችውን ሸሚዝ ከወንበሩ ላይ አነሣች። እናቷ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ የራሷን ልብስ ራሷ ነበር የምትተኩሰው። የግራው ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ እንደታጠፈም ተተኩሷል። እንደዚያው ተጣሞ ነው የዋለው፣ ቢሮም፣ ታክሲ ውስጥም፣ አልጋው አጠገብም። ከእናቷ በቀር የነገራት ሰው የለም። ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠችና የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ሲበቃት ወረቀቱን ሳበች። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልሰረዘችም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ አክስቷ እንዳለችው ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ከነአለቃቸው መጥተዋል፣ ጎረቤቷ መጥታለች፣ ምድር ቤቱም ከነቦይለሩ ተጠራርጎ መጥቷል። ቁልፌ ያንኑ ሸሚዝ ለብሳ ወደ ፊት ወጣች። አክስቷ «ውይ፣ ኮሌታሽ!» ብላ እጇን ስትዘረጋ ያዘቻት። «ተይው» አለቻት።

«እናቴ ልብስ ተኳሽ ነበረች» ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ነበሩ» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

«ነበረች» አለች ቁልፌ፣ ጮክ ብላ።

የቁልፉን ቆርቆሮ አነበበች፣ በቀን መቶ ሸሚዝ ማጋደሟን አነበበች፤ ከምድር ቤቱ ሰዎች በኩል ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ መጣ። «ሠራተኛዬ አልነበረችም» የሚለው ላይ ስትደርስ ጎረቤቷ አቀርቅራ መሬት አየች። ከዚያ ቁልፌ ቀና ብላ አለቃዋን ፈለገችው። «ያን ቀን ኮትዎን ያመጣችልዎት ሴት እናቴ ናት» አለችው። «አላውቃትም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።» አለቃው ሐዘንተኛ ፊቱን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። የትኛውን ኮት እንደምትል አላስታወሰም፤ ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እናትና ልጅ ትዝብቱን የፈሩት ሰው ነገሩን ከነጭራሹ ረስቶታል።

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ቀርቶ ነበር። ድምጿ እንዳይከዳት ፈጠን ብላ አነበበችው።

«የመጨረሻ ቃሏ ‹ኮሌታሽ ተጣሟል፤ አስተካክይው እንጂ› የሚል ነበር። ያለችው ለእኔ ነው። እሺ ያለቻት ግን ሌላ ሰው ናት።»